ሰሙ ስንት፣ ወርቁ ስንት

አክስቴ እታፈራሁ፣ ምድር ባቡር ተቀጥራ
ሠላሳ ዓመት ሻንጣ የመዘነች፣ ከሚዛን ጋር ተፋጥጣ ኖራ፣
"ስማኝ" አለች፣ "የነጋዴውን ምላስ ለነጋዴው ተው፤
አንተ የሚዛኑን ምላስ እየው፣ እሱ ነው ማባበል የማያውቀው።"
በአሮጌ ትኬት ጀርባ ጻፈችልኝ ዘጠኝ ጥያቄ፤
ደንገጎን ወጣሁ፣ ትኬቱን በኪሴ፣ ብሩን በወገቤ ታጥቄ።
"ዋጋ" ብላኛለች ስትሸኘኝ፣ "መጨረሻ ላይ ነው የሚጠየቅ፤
መጀመሪያ ዋጋ የጠየቀ ሰው፣ ከዋጋው ሌላ አያውቅ።"

ጀጎል ውስጥ፣ ከመኪና ግርግር ጀርባ፣ ከስፌቱ ሩምታ ማዶ፣
ግድግዳ ለግድግዳ ትከሻ የሚገፋፋበት መንገድ ተወርዶ፣
ሁለት ክንድ የማትሞላ ሱቅ አለች፣ ጭር ያለ የጠዋት ገበያ፤
መነጽር በመነጽር ደርበው ተቀምጠዋል አው ዘካርያ።

አምባሩን አወጡት። ወፍራም ነው፣ እንደ ሕፃን ክንድ የሞላ።
ወዲያው ወደድኩት። የወደደ ሰው ጥያቄው ይቀራል ኋላ።
ትኬቱን አየሁ።

"ስንት ካራት ነው?"
"ሃያ አንድ።"
"በምን አውቃለሁ?"
ስንት ዘመን ወርቅ የላሰ ጥቁር ድንጋይ ከመሳቢያ ወጣ፤
አሹበት፤ ፀጉር የሚያህል ቢጫ መስመር ጥቁሩ ላይ መጣ።
ከጠርሙስ ጠብታ አሲድ። ጠበቅን።
መስመሩ አልደበዘዘም፤ የደበዘዝኩት እኔ ነኝ።
"ይቅርታ፣ ተጠራጥሬ..." ስል፣ እጃቸውን አነሱብኝ፦
"ወርቅ ተጠይቆ አያኮርፍም።
የሚያኮርፈው ሻጩ ነው። ቀጥል፣ እኔ አላኮርፍም።"

አምስተኛዋን አክስቴ ሁለት ጊዜ አስምራባታለች።
"ሠላሳ ሁለቱ ግራም... ሁሉም ወርቅ ነው?"
ሳቁ።
"ይህችን የጻፈ እጅ ይባረክ።
አይደለም፤ ውስጡ ክፍት ነው፤ እንዳይጨማደድ ሰም ሞላሁት።
ላልጠየቀኝ አልነገርኩም፤ የጠየቀኝን ግን አልዋሸሁት።"

የአማርኛ መምህሬ ቢያዩት! ወርቁ ከላይ፣ ሰሙ ከውስጥ፣
ቅኔው እንዳለ ተገልብጦ፣ በግራም ተመዝኖ ሲሸጥ።

"ሰሙ ስንት፣ ወርቁ ስንት?"
"ሰሙ ሰባት፣ ወርቁ ሃያ አምስት።"
"ሰሙን በወርቅ ዋጋ ልከፍል ነው?"
"ከጠየቅህማ አትከፍልም" አሉና ቀንሰው ጻፉት።

ብየዳውን አሳዩኝ፤ መቆለፊያውን ሃያ ጊዜ ከፈትሁ፣ ዘጋሁ፤
ማኅተሙን፣ ደረሰኙን፣ ብመልሰው ስንት እንደሚገዙኝ ጠየቅሁ።
ዋጋ ብቻ ቀረኝ። ወገቤን ነካ ነካ አደረግሁ።

"ቆይ" አሉ አው ዘካርያ፣ "አሁን ተራው የኔ ነው።
አንጓዋ ቀጭን ነው?"
"መካከለኛ ይመስለኛል።"
"ይመስልሃል። ሥራዋስ?"
"ነርስ ናት።"
"እንግዲህ በቀን አርባ ጊዜ ትታጠባለች። ይህን የት ታውለው?
ጓንት ስታጠልቅስ? በየትኛው እጇ ነው መርፌ የምትወጋው?
ብር አይሻላትም? ጆሮዋስ፣ ተበስቷል?"

ጆሮዋ።
ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗን ሳይ ኖሬ
የምንታምርን ጆሮ አላውቀውም።

ከቀይ ድውር ክር ቆረጡ፣ አንድ ስንዝር ግድም።
"ሂድና ለክተህ ና።"
ዋጋውን ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ድሬ ስደርስ ሙቀቱ አስፋልቱን አልስልሶታል፣ እንደዚያ ሰም።
"የታለ?" አለች አክስቴ።
ክሩን ሰጠኋት። ዝም።
በመዳፏ ከፍ ዝቅ አደረገችው፣ እንደ ድሮው ሻንጣ፤
"ትርፍ ክብደት የለበትም" አለች፣ "ይለፍ።"

ምንታምር የማታ ተረኛ ነበረች። ከሆስፒታሉ በር ቆሜ
"እጅሽን ስጪኝ" አልኳት።
"የትኛውን?" አለች።